ስምንት ሆነን ዋሻ ልንገባ ነው፤ ምን እናዘጋጅ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በባሕር ዳር ከተማ የምንኖር ስምንት ጓደኛሞች ነን፤ አምስታችን ወንዶች፣ ሦስቱ ሴቶች። ላለፉት ሁለት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ በእግር እየተጓዝን የዘጌን ደን፣ የጢስ ዓባይን ገደላገደልና በሐይቁ ዳርቻ ያሉትን ኮረብታዎች ስናይ ቆይተናል። በቅርቡ ከጢስ ዓባይ ማዶ ከብት የሚጠብቁ ልጆች በጥቁር ድንጋይ ገደል ሥር ያለ የዋሻ አፍ አሳዩን። በስልካችን መብራት ሃያ እርምጃ ያህል ከገባን በኋላ ዋሻው እየጠበበና ወደ ታች እያዘቀዘቀ እንደሚቀጥል ስላየን፣ ተዘጋጅተን ለመመለስ ተስማምተን ወጣን። ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ እስከ መጨረሻው ለመግባት አስበናል። አንዱ ጓደኛችን ግን ያን ዕለት ትንፋሽ አጥሮት ስለነበር ሌሎቹ ይሥቁበታል፤ እሱም ከእኛ ላለመለየት ሲል «እገባለሁ» ይላል። በእኛ አካባቢ እንደ ሶፍ ዑመር ያለ ረጅም ዋሻ ሊኖር ይችላል? ምን ምን ይዘን እንግባ? ጓደኛችንንስ ምን እናድርገው?

ከስምንቱ አንዱ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጨረሻ ያነሱትን የጓደኛዎን ጉዳይ አስቀድሜ እመልሳለሁ፤ ሌላው ሁሉ የሚያያዘው ከእሱ ጋር ነውና። ጠባብና ጨለማ ቦታ ውስጥ የሰው ትንፋሽ በሁለት ምክንያት ሊያጥር ይችላል። አንደኛው ፍርሃት ነው፤ ይህም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሁለተኛው ግን አየሩ ራሱ ነው። ነፋስ በማይመላለስበት ዋሻ ውስጥ፣ በተለይም ወለሉ እናንተ እንዳያችሁት ወደ ታች በሚያዘቀዝቅበት ቦታ፣ ከአየር የሚከብደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊጠራቀም ይችላል፤ የበሰበሰ ቅጠል፣ የሌሊት ወፍ ኩስና የገቡት ሰዎች ትንፋሽም ይጨምሩበታል። የውሃ ጉድጓድ ሊጠርግ የወረደ ሰው ራሱን ሲስት፣ ሊያወጣው የወረደውም አብሮት ሲቀር የምንሰማው አሳዛኝ አደጋም እንዲህ ባለ የተበላሸ አየር የሚደርስ ነው። የጋዙ መጠን ሲጨምር ቀድሞ የሚታየው ምልክት የትንፋሽ መፍጠንና ማጠር ሲሆን፣ ራስ ምታት፣ ማዞርና ግራ መጋባት ይከተላሉ። ስለዚህ ስምንት ሰው በገባበት ዋሻ ውስጥ አንዱ «ትንፋሽ አጠረኝ» ሲል የቀሩት ሰባቱ የየራሳቸውን ትንፋሽ ማዳመጥ ይገባቸዋል እንጂ ሊሥቁ አይገባም። ምናልባት ያን ዕለት ከሁላችሁ ቀድሞ የተሰማው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰዎች አየሩን በላይተር ነበልባል መፈተን ይቻላል ይላሉ። ነበልባሉ ከደከመ ወይም ከጠፋ ወዲያውኑ መውጣት እንደሚገባ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን ነበልባል የሚጠፋው በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከተለመደው 21 በመቶ ወደ 16 በመቶ ገደማ ሲወርድ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሰውን መጉዳት የሚጀምረው ከዚያ አስቀድሞ ሊሆን ስለሚችል፣ «ላይተሩ እየነደደ ነውና ደኅና ነን» ብሎ መደምደም አደገኛ ስሕተት ነው። ከላይተሩ ይልቅ የሰውነታችሁን ምልክት እመኑ። ለዚህም በመካከላችሁ አንድ ውል ይኑር፤ ማንኛውም ሰው ምክንያቱን ሳይጠየቅ «እንመለስ» ማለት ይችል፤ ከተባለም ሁሉም ያለ ክርክር ይመለስ። ይህን ውል የማይቀበል ሰው ቢኖር፣ የቱንም ያህል ጠንካራ ተጓዥ ቢሆን፣ እኔ ከእርሱ ጋር ዋሻ አልገባም።

ስምንት ሆናችሁ በአንድ ጊዜ መግባታችሁንም አልደግፈውም። በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ስምንት ሰው በሰልፍ ሲሄድ የፊተኛው የኋለኛውን ድምፅ አይሰማም፤ መሃል ላይ ያለ አንድ ሰው ቢጎዳም ከእርሱ ወዲያ ያሉት መውጫ ያጣሉ። በዋሻ ጉዞ የሠለጠኑ ብዙ ሰዎች የሚመክሩት ትንሹ ቁጥር አራት ነው፤ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀመጣል፣ ሁለቱ ደግሞ ተያይዘው እርዳታ ለመጥራት ይወጣሉ። እናንተም አራት አራት ሆናችሁ በየተራ ብትገቡ፣ በደጅ የሚቆየው ቡድን የገባውን ይጠብቃል። በደጅ መቆየት ደግሞ የፈሪ ድርሻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ዋሻ ውስጥ ስልክ ስለማይሠራ፣ የገቡት ሰዎች ሕይወት የሚንጠለጠለው ሰዓት ቆጥሮ፣ የተባለው ጊዜ ሲያልፍ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ በሚያውቀው በደጁ ሰው ላይ ነው። ጓደኛችሁ ይህን ኃላፊነት በፈቃዱ ቢወስድ ከሁላችሁ የሚበልጥ ሥራ ሠራ እላለሁ።

ሰዓቱን በቁርጥ ተናገሩ። ለምሳሌ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገብታችሁ ስድስት ሰዓት ላይ የትም ብትደርሱ ፊታችሁን እንደምትመልሱ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ደጅ እንደምትደርሱ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ግን የደጁ ቡድን እርዳታ እንደሚጠራ በወረቀት ጽፋችሁ ተለያዩ። የደጁ ቡድን ሰዓቱ ሲያልፍ ተከትሎ ዘሎ መግባት የለበትም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሁለተኛውን ሰው የሚያስቀረው ይኸው ነው። በእኛ አገር ገጠር ቀድሞ የሚደርስላችሁ የአካባቢው ገበሬ ነው። በመሆኑም ከመግባታችሁ በፊት የመንደሩን ሰዎች ማወቅ፣ የቀበሌውን አስተዳደር ማስፈቀድ፣ የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ማረጋገጥ እንደ ገመድና ባትሪ ሁሉ የጉዞው ስንቅ ነው። እረኞቹን ሌላም ነገር ጠይቋቸው፤ ዋሻው የጅብ ወይም የጃርት ጎሬ ከሆነ እነሱ ያውቃሉ። አዲስ ፋንድያ፣ የተጋጠ አጥንት ወይም የጃርት ወስፌ አፉ ላይ ካያችሁ የባለቤቱን ቤት ለባለቤቱ ተዉለት።

አሁን ወደ ዋሻው ዓይነት ልምጣ። ሶፍ ዑመር በባሌ የሚገኝ፣ የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋይን እያሟሟና እየቦረቦረ የሠራው፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ ነው። ዝናብና ወንዝ ቀስ በቀስ የሚያሟሙት የኖራ ድንጋይ በሌለበት እንዲህ ያለ ዋሻ አይፈጠርም። የጣና ዙሪያ ደግሞ በጥቁር ድንጋይ ማለትም በባዛልት የተሸፈነ ነው፤ ሐይቁ ራሱ አሁን ያለውን መልክ የያዘው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ ዓለት የውሃውን መውጫ በመገደቡ ነው፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚወርድበት ገደልም ያው ባዛልት ነው። የኖራ ድንጋዩን የምታገኙት ዓባይ ወደ ታች እየጠለቀ የጥንቱን ድርብርብ ዓለት ገልጦ በሚያሳይበት፣ ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን በሚወርደው ሸለቆ ዓይነት ቦታ ነው። ስለዚህ ከጢስ ዓባይ ማዶ ሁለተኛ ሶፍ ዑመር አትጠብቁ።

ይህ ማለት ግን ያገኛችሁት ዋሻ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በባዛልት ውስጥ ዋሻ በተለያየ መንገድ ይፈጠራል። ቅልጥ ዓለቱ እንደ ወንዝ ሲፈስ ላዩ ቀዝቅዞ ይጠነክርና ውስጡ መፍሰሱን ይቀጥላል፤ ምንጩ ሲቆም ውስጡ ተንጠፍጥፎ ባዶ ቱቦ ይቀራል፤ በሃዋይ የሚገኘው የካዙሙራ ዋሻ በዚህ መልክ ተፈጥሮ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ወይም ደግሞ በሁለት የባዛልት ንጣፎች መካከል ያለው ለስላሳ አመድና ቀይ አፈር በውሃ እየታጠበ ይወጣና ላዩ እንደ ጣሪያ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የእናንተው ዋሻ በገደል ሥር መሆኑን ሳስብ ይህኛው ዓይነት ይመስለኛል። ከሆነም ልትጠነቀቁለት የሚገባው ዋናው ነገር ጣሪያው ነው። ባዛልት ሲቀዘቅዝ ቀጥ ቀጥ ብሎ ስለሚሰነጠቅ፣ ከሥሩ አፈሩ የታጠበለት ድንጋይ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ወለሉ ላይ ጠርዙ የሰላ፣ አቧራ ያልለበሰና ሻጋታ ያልያዘ ድንጋይ ካያችሁ በቅርቡ ከላይ የወደቀ ነውና ከሥሩ አትቁሙ። ጣሪያውን በእንጨት መነካካት፣ በጩኸት ማስተጋባትና በጠባቡ አፍ በኩል ድንጋይ ፈንቅሎ መንገድ ማስፋት ፈጽሞ አይገባም።

መብራትን በተመለከተ ስልክ መብራት አይደለም። እያንዳንዱ ሰው ሦስት የተለያዩ መብራቶች ሊኖሩት ይገባል፤ አንዱ በግንባር የሚታሰር ባትሪ፣ ሁለተኛው ያንኑ የመሰለ መጠባበቂያ፣ ሦስተኛው ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ ከነትርፍ ድንጋዮቻቸው። ሦስት መሆናቸው ቅንጦት የሚመስለው ሰው በመካከላችሁ ካለ የራሴን ታሪክ ልንገረው። ከብዙ ዓመታት በፊት በዓባይ በረሃ ወደሚገኝ የኖራ ድንጋይ ዋሻ ስድስት ሆነን ስንገባ በሰው አንድ አንድ ባትሪ ብቻ ይዘን ነበር። የአንዱ ወድቆ ተሰበረ፣ የሁለቱ ደከመ፣ የቀሩትን ለመቆጠብ አጥፍተን በአንድ መብራት ስንመለስ አንድ መጋጠሚያ ላይ ደረስን፤ ስንገባ አንድ መንገድ ብቻ ያየን የመሰለን ቦታ ስንመለስ ሦስት አፍ ነበረው። በአርባ ደቂቃ የገባንበትን ለመውጣት ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀብን። ያን ዕለት ሁላችንም ዝም ብለን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለውን እያሰብን ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋሻ ስገባ በየመጋጠሚያው ቆሜ፣ ዞሬ የመጣሁበትን አያለሁ፤ መንገድ ሲሄዱና ሲመለሱ መልኩ አንድ አይደለምና። በድንጋዩ ላይ ቀስት መሣል አያስፈልግም፤ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት ወይም ድንጋይ አኑሮ ስትወጡ እየለቀሙ መምጣት ይበቃል።

የራስ መከላከያው የሕንፃ ሠራተኞች የሚለብሱት፣ በአገጭ ሥር የሚታሰር ማሰሪያ ያለው ሄልሜት ይሁን፤ የሞተር ሳይክሉ ጆሮን ስለሚሸፍን የጓደኛን ድምፅ ይከለክላል። ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቡትስ፣ ልብሱ እጅጌ ሙሉ፣ እጁም ጓንት ያለው ይሁን፤ ባዛልት ቆዳን እንደ ሞረድ ይገሽራል። የዋሻ ውስጥ ሙቀት ከአካባቢው የዓመት አማካይ ሙቀት ጋር ስለሚቀራረብ በባሕር ዳር ዙሪያ ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል፤ ይህ ለሚንቀሳቀስ ሰው ምቹ ነው፤ እግሩ ተሰብሮ እርጥብ ድንጋይ ላይ ለሰዓታት ለሚጠብቅ ሰው ግን ይበርዳል። አንድ ጋቢ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ። ውሃ፣ በሶ ወይም ቆሎ፣ ፋሻና ፉጨት ጨምሩበት። ገመድን ግን አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሰው ከሌለ አትመኩበት፤ ገመድ በሚያስፈልግበት ቁልቁለት ጫፍ ላይ የእናንተ የዘንድሮ ጉዞ ያበቃል።

ከጥምቀት በኋላ ያለውን ቅዳሜ መምረጣችሁን ወድጄዋለሁ፤ ጥር ደረቅ ወር ነው። ባሕር ዳር በዓመት ከሚዘንብባት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ሲሆን፣ በእነዚህ ወራት ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ ዋሻ ውስጥ መግባት የለባችሁም። በታይላንድ ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. ከእግር ኳስ ልምምድ በኋላ ታም ሉዋንግ ወደሚባለው ዋሻ የገቡ 12 ታዳጊዎችና አሠልጣኛቸው የዝናብ ውሃ መውጫቸውን ዘግቶባቸው በሕይወት መኖራቸው የታወቀው በ10ኛው ቀን ነበር፤ የመጨረሻዎቹ የወጡት ሐምሌ 3 ቀን ነው፤ በፍለጋው የተሰማራ አንድ ጠላቂም ሕይወቱን አጥቷል። ልጆቹ ሲገቡ ዋሻው ደረቅ ነበር።

ሶፍ ዑመርን ማየት ከፈለጋችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን መንገዱ ወንዙን ደጋግሞ መሻገርን ስለሚጠይቅ በበጋ፣ ከአካባቢው መሪ ጋር፣ ዋሻው የሙስሊሞች ቅዱስ ስፍራ መሆኑን አክብራችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ዋሻ ልትገባ መሆኗን ነገረችኝ። ጉዞውን ልከለክላት አልፈልግም፤ ነገር ግን የሌሊት ወፍ ሽንት የነካው ሰው ፊቱ ይቆስላል ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ በቅርቡ ደግሞ ከሌሊት ወፍ የሚመጣ ከባድ በሽታ አገራችን ገባ ተባለ። እውነቱ ምንድን ነው?

እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እመቤቴ፣ ሥጋትዎ መሠረት ያለው ነው፤ በሽታዎቹን ግን ለያይቶ ማየት ይጠቅማል።

ፊት ላይ የሚወጣው ቁስል ቁንጭር የምንለው ነው። በብዙ የአገራችን ክፍል ከሌሊት ወፍ ጋር ቢያያዝም መነሻው እሷ አይደለችም። በሽታውን በደጋው አገር የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል በጣም ትንሽ ነፍሳት ስትሆን፣ ተውሳኩን ተሸክሞ የሚኖረው በገደልና በዋሻ የሚያድረው ሽኮኮ ነው። አያቶቻችን ቁስሉን ከዋሻ ጋር ማያያዛቸው ትክክል ነበር፤ የሳቱት ተላላፊዋን ብቻ ነው። ዝንቧ በብዛት የምትነድፈው ከምሽት ጀምሮ ስለሆነ ልጅዎ ሽኮኮ ባለበት ገደል ሥር አታምሽ፣ አትደርም፤ ገላዋን ትሸፍን። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የማይድን እብጠት ወይም ቁስል ፊቷ ላይ ከታየ ሐኪም ይይ፤ መድኃኒት አለው።

ሁለተኛው በሽታ ማርበርግ ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ በጂንካ መከሠቱ ተረጋግጦ ነበር። ቫይረሱን የሚሸከመው ፍራፍሬ የሚበላና በዋሻ በመንጋ የሚኖር ትልቅ የሌሊት ወፍ ነው። በኬንያ በኤልጎን ተራራ የሚገኘውን የኪቱም ዋሻ የጎበኙ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1987 በዚህ በሽታ ሞተዋል። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ የሌሊት ወፎች በመንጋ ወደሚኖሩበት ዋሻ አይገባ። ዋሻው አፍ ላይ ቆሞ ጠንካራ የኩስ ሽታ የሚሸተው፣ በመሸ ጊዜም መንጋው ሲወጣ የሚያይ ሰው ከዚያ ይመለስ። ከጉዞ በኋላ እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ብርቱ ትኩሳት ቢመጣ ለሐኪሙ ቀድሞ የሚነገረው «ዋሻ ገብቼ ነበር» የሚለው ይሁን።

ይህ ቃል ለሦስተኛውም በሽታ ይጠቅማል። በደረቀ የሌሊት ወፍ ኩስ ላይ የሚያድግ ሂስቶፕላዝማ የሚባል ፈንገስ አለ፤ አቧራው ሲተነፈስ ሳንባን ያጠቃል። ትኩሳቱ፣ ሳሉና የደረት ሕመሙ ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ስለሚመሳሰል ሐኪሙ ስለ ዋሻው ካልሰማ ሊያስበው አይችልም። ኩስ ያለበትን ወለል አለመርገጥና አቧራ አለማስነሣት ከሁሉ ይሻላል፤ አፍንጫና አፍን አጥብቆ የሚይዝ ማስክም ይረዳል፤ ነጠላ መሸፋፈን ግን አይበቃም። የወደቀችን የሌሊት ወፍ በእጅ ማንሣትም አይገባም፤ የውሻ በሽታን ልታስተላልፍ ትችላለችና።

ጥያቄ፦ ዋሻ ውስጥ ገል፣ አጥንት ወይም የተጠረበ ድንጋይ ብናገኝ ወደ ከተማ አምጥተን ለባለሙያ ብናሳይ ጥፋት ነው? ወደ ገዳማት ዋሻዎችስ መግባት ይቻላል?

የታሪክ ተማሪ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ማምጣት የለባችሁም። በጎርጎራ፣ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በአንድ የዓለት መጠለያ ውስጥ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1943 የታተመ ቁፋሮ የድንጋይ ዘመን መሣሪያዎችን አውጥቷል። የእነዚህ ድንጋዮች ዋጋ ያለው ከየትኛው የአፈር ንጣፍ፣ ከምን አጠገብ እንደተገኙ በመታወቁ ነው፤ ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ግን ምስክርነቱን አጥቷል። አጥንት ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ከጥናት በላይ ነው። ዋሻ በአገራችን መቃብርም መሸሸጊያም ነበር፤ በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተኋላ የብዙ ሙታን አፅም አርፏል፤ በሰሜን ሸዋ አመጸኛ ዋሻ በሚባለው ስፍራ ደግሞ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር የተጠለሉትን ወገኖቻችንን በመርዝ ጋዝ ጭምር ፈጅቷል። አፅም ያያችሁበት ቦታ ላይ ቁሙ፣ ከዚያ አትለፉ።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዛል። የምታደርጉት ይህን ነው፤ ሳትነኩ ፎቶግራፍ አንሡ፤ መጠኑ እንዲታወቅ ክብሪት ቀፎ አጠገቡ አድርጉ፤ ከዋሻው አፍ ስንት እርምጃ እንደሆነ መዝግቡ፤ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ቦታውን በማኅበራዊ መገናኛ አታሰራጩ፤ ወርቅ ፈላጊው ከባለሙያው ቀድሞ ይደርሳል።

የገዳም ዋሻ የባሕታውያን መኖሪያ ወይም የጸበል ቦታ ሊሆን ስለሚችል ያለ አበምኔቱ ፈቃድ አይገባም። ቡድናችሁ ሴቶችም ያሉበት ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉት የጣና ገዳማት ሴቶች የማይገቡባቸው ናቸው፤ በአንዳንድ ስፍራም ሥርዓቱ በአጠገባቸው ያለውን ዋሻ ይጨምራል። ፈቃድ ከተሰጣችሁም የግንባር ባትሪያችሁን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጋችሁ፣ የሚጸልይ ሰው ካለ ደጅ ቆማችሁ ጠብቁ።